አራት ጊዜ የተሸጠችው ፍየል

መሠረት ጅግጅጋ የመጣችው ወታደር ባሏን ተከትላ ነው። ባልየው ተዛወረ፣ ሌላም አገባ፤ እሷ ከችግኝ ጣቢያው ጋር ቀረች። አሥራ ሰባት ዓመት አፈር በላስቲክ ስትሞላ! አሁን ድሬዳዋ ያለች ልጇ ልትወልድ ነው፤ እዚያ አንድ የሥራ ቦታ እስከ ዓርብ ይዘውላታል። የጎደለው በዝውውር ደብዳቤዋ ላይ የኃላፊዋ የዘካሪያ ፊርማ ብቻ ነው።

«ዝግጅቱ ይለፍና፣ አባዮ። ለእህቴ እምቢ እላለሁ?» ይላታል፤ «አባዮ» በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

ዝግጅቱ አደባባዮችን ለማስዋብ ገንዘብ የሚሰበሰብበት በችግኝ ጣቢያው ግቢ የሚደረግ የአትክልት ቦታ ድግስ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሰፊው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ በስሙ የሚምሉት ሹሞችና ነጋዴዎች ግን ድንኳን ውስጥ ለስላሳ ጠጡ። ነጋዴው ሐጂ ቢሌ ነጭ ፍየል ለጨረታ ሰጡ።

«መሠረት፣ ያዢልን!»

እሷም ያዘች። ፍየሏ ፀሐይ ላይ ስታለከልክ አሳዘነቻትና ከድንኳኑ ጀርባ ያለው ጥላ ድረስ እንድትሄድ ገመዱን አርዝማ አሰረቻት።

አንድ ኮንትራክተር ፍየሏን ገዛና «ለከተማዬ መልሻለሁ!» አለ። ጭብጨባ። ሌላው ገዛ፣ መለሰ። አራት ጊዜ ተሸጠች፤ ይዟት የሄደ ቡርዧ ግን የለም።

ዘካሪያ ደስ ብሎታል። መሠረት ደብዳቤዋን ዘረጋችለት፤ እስክሪብቶ አወጣ። ያኔ የሥራ ባልደረባዋ ሙልኪ ጮኸች፦

«መሲ! ፍየሏ!»

ለአደባባዩ የተዘጋጀው ሦስት መቶ ችግኝ ጥላው ስር ነበር። ግንዱ ብቻ ቀርቷል።

ዘካሪያ እስክሪብቶውን ከደነ። «ማነው ያሰራት?»

«እኔ ነኝ። ፀሐዩ በረታባትና...»

«እንግዲህ የጠፋውን ተኪ።»

«የበላችው ፍየሏ!» አለች ሙልኪ።

«ታዲያ ፍየሏን ወደ ድሬዳዋ አዛውሯታ!» አሉ ሐጂ ቢሌ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

«ስድስት ወር ነው፣ አባዮ። ችግኙ ሲደርስ እፈርማለሁ፣ ወላሂ» አላት ዘካሪያ።

ከዚያ ማይክ ጨበጠ። ፍየሏ ለከርሞው ጨረታ ትቆያለች፤ ጠባቂዋ ታታሪዋ ሠራተኛችን መሠረት ናት! የምስጋና ወረቀትም ሸለሟት። ጭቁኗ እጅ ነሳች፤ ምን ታድርግ?

ዓርብ ጠዋት የድሬዳዋው መኪና የካራማራን ተራራ ሲወጣ፣ መሠረት የፍየሏን ገመድ አሳጥራ አሰረችና አፈር መሙላት ጀመረች። ወረቀቱን ሙልኪ የመሣሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፋላታለች። ከግርጌው የዘካሪያ ፊርማ አለ፤ ረጅም፣ ያማረ፣ ማኅተም ያረፈበት።