ወፍራም አየር ፍለጋ መተሃራ

ቃሊቲ፣ ጠዋት

ከአቃቂ የተነሳነው አባዬን አየር ለማስለወጥ ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ጥጥ በሚባዘትበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ብናኙ ሳንባው ላይ ቀርቷል። ሐኪሙ «ከተቻለ ዝቅ ያለ አገር ይቀመጡ» አለው። የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ስለሆንኩ ምክሩ ወዲያው ገባኝ። አየር ክብደት አለው፤ የላይኛው የታችኛውን ስለሚጫነው ዝቅ ባልን ቁጥር ይወፍራል። የኦክስጅን ድርሻው አቃቂም መተሃራም ያው ነው፤ የሚለየው በአንድ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ነው። መተሃራ ደግሞ የአባዬ እህት፣ አክስቴ ሙሉ አለች። እዚያው ይቀመጣል ብዬ ልብሱን ሁሉ ሸከፍኩ።

ከመናኸሪያው የአዳማ ሚኒባስ ያዝን። ገና መንቀሳቀስ ስንጀምር መስኮቱን ከፈትኩት። ከኋላችን ነጠላ የተከናነበች ሴት ጮኸች።

«እህቴ፣ ዝጊው! ብርድ ሊመታን ነው።»

«አባቴ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ትንሽ አየር ይግባለት።»

«እንዴ! ለታመመ ሰው ንፋስ ይከፈትበታል?»

ተሳፋሪው ሁሉ ከእሷ ጋር አበረ። ዘጋሁት። የመኪና ንፋስ ሰው አይገድልም ብሎ ማሳመን እንኳን ለእኔ፣ ለሐኪሙም አይሳካለትም።

ከአዳማ ወዲያ

ዱከምን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፈን አዳማ ገባን፤ መኪና ቀይረን ቁልቁል ወደ መተሃራ ወረድን። ሙቀቱ ሲበረታ መስኮቱ ሁሉ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ብርድ መታኝ ያለ አልነበረም። አባዬ ቃሊቲ ላይ ውሃውን ጠጥቶ የከደነው ባዶ ፕላስቲክ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨራምቷል።

«ማን ረገጠው?» አለኝ።

«አየሩ ነው። ውስጡ የቃሊቲ ስስ አየር ነው ያለው፤ የውጪው ወፍራም ስለሆነ ተጫነው።»

«እኔንስ አይጫነኝም?»

«አንተ ውስጥ አዲስ አየር ይገባል፤ ከውጪው ጋር እኩል ይገፋፋል።»

«እኔ ውስጥማ ያለው ጥጥ ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

መተሃራ

አክስቴ ሙሉ ግቢው ጥላ ስር አልጋ አንጥፋ ጠበቀችን። ማታ አባዬ ጋደም ብሎ ተኛ። ቤታችን ትራስ ደግፎት፣ ተቀምጦ ነበር የሚያድረው። ጠዋት ሸንኮራ እየመጠጠ የፋብሪካ ወሬ ሳያቋርጥ ሲያወራ ሳይ ደስታ ሊገድለኝ ነበር። ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር ወሬው እየቀነሰ ሄደ፤ አላፊ አግዳሚውን እያየ ሰላም የሚለው ሰው ያጣ ነበር። እኔ ብቻዬን ልመለስ ስነሳ ጠራኝ።

«ውሰጂኝ።»

«አባዬ፣ እዚያ እኮ ትንፋሽ ያጥርሃል።»

«እዚህ ትንፋሽ አለ፤ የማወራው ሰው ነው የሌለው። ደሞ እናትሽ ሳሪስ አቦ ተኝታ፣ እኔ እዚህ ልቀበር?»

አክስቴ ሙሉ «ልትገድይው ነው እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ። ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ፤ ስመለስ ልብሱን ራሱ ሸክፎ ቆየኝ።

መልስ

አዳማ ላይ በደንብ ያወራ ነበር። ሞጆ ስንደርስ በየቃሉ መሀል ማረፍ ጀመረ። ዱከም ላይ ላልኩት ሁሉ ራሱን በመነቅነቅ ብቻ መለሰልኝ። ምን እየሆነ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን የሚጫነው አየር እየቀነሰ፣ ደረቱ ውስጥ የሚገባውም እየሳሳ ነው። ማወቄ ምንም አልፈየደለትም። እጁን ይዤ መንገዱ ሜዳ ቢሆን እያልኩ ተመኘሁ።

አቃቂ

እኔ የሄድኩት ትንፋሽ ልፈልግለት ነበር። እሱ ግን የቀረችውን ትንፋሽ የት እንደሚጨርሳት አስቀድሞ መርጧል፤ ይህንን ለመማር መተሃራ ድረስ መሄድ ነበረብኝ። መልሼ ማምጣቴ አሁንም ይቆጨኛል፤ መቆጨቴ ልክ መሆኑን ግን አላውቅም።

ከመኪና ወርደን ቤት ስንደርስ አባዬ በራችን ላይ ያለው ድንጋይ ላይ አረፈ። ጎረቤታችን ጋሽ ተማም፣ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር፣ አይቶት እየሮጠ መጣ።

«አየሩ ተስማማህ?»

«በጣም...» አለ አባዬ፤ ቆይቶ፣ «በጣም ተስማምቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ምን አስመለሰህ?»

አባዬ ለመናገር ሞከረ፤ ትንፋሹ አልደርስ አለው። ትንሽ ፈቀቅ አለና አጠገቡ ያለውን ቦታ በእጁ መታ መታ አደረገለት። ጋሽ ተማም ተቀመጠ።