ድመቷ የወለደችበት ምዕራፍ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ድመት በመስኮት ገብታ ላፕቶፔ ላይ ተኛች። ሞቅ ስለሚል ነው መሰለኝ። ዝናብ መቷት ስለነበር የእርጥብ ጸጉሯ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ላባርራት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት፤ ሥራው ለከሰዓት ይደርሳል። ሻዬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያ ሽታ ወዴት እንደወሰደኝ ልንገርሽ።

ሆሳዕና ከተማ ነው የወሰደኝ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ፣ የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ እዚያ ተመደብኩ። የማስተምረው በጠዋቱ ፈረቃ ስለነበር ከሰዓቱ የራሴ ነው። ሌሎቹ አስተማሪዎች ካርታ ሲጫወቱ እኔ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋና ልብ ወለድ እጽፋለሁ። የመጀመሪያዬ ነበር። ከጻፍኩት ሁሉ እንደዚያ የወደድኩት የለም።

የተከራየሁት ክፍል አንዲት ቅቤ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው የሀዲያ እናት ነበሩ። ቅቤ ከአንጋጫ ያስመጡና ሆሳዕና ገበያ ይሸጣሉ። አማርኛን የተማሩት እዚያው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴትና ወንድ አይለዩበትም። እኔን «አንተ» ይሉኛል፤ ድመቷን «እሱ» ይሏታል። መጀመሪያ ላይ አርማቸው ነበር። በኋላ ተውኩት፤ እንዲያውም «አንተ» ሲሉኝ የቤት ልጅ የሆንኩ ይመስለኝ ጀመር።

ድመቷን ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ አይጥ በልቶ ሲጨርስ ወደ እኔ ወረቀት ዞሮ ነበር። «እሱ ካንተ ጋር ይደር» ብለው በሬ ላይ አስቀመጧት። ግራጫ ናት፤ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የለም። አይጥ ስትይዝ አንድም ቀን አላየኋትም፤ አይጦቹ ግን ጠፉ።

ከዚያ ወዲያ ሥራችን የሁለታችን ሆነ። ከሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮቱ ትገባና ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ብርሃን ታሳርፋለች። ድመቷ ያችን ብርሃን እየተከተለች ትዞራለች፤ እኔ ወረቀቴን ከሥሯ እየሳብኩ ጥላው ወዳለበት እሸሻለሁ። እስክሪብቶዬ ሲሮጥ ዓይኗ አብሮ ይሮጣል። ቃል ጠፍቶኝ ስቆም በመዳፏ እስክሪብቶውን መታ ታደርገዋለች፤ ቀጥዪ እንደማለት። ብርሃኑ ከጠረጴዛው ወደ መሬት ሲወርድ እሷም ትወርዳለች። ያኔ የዕለቱ ሥራ አበቃ።

የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ለድመቷ የማንበብ ልማድ ነበረኝ። አንድ ቀን አከራዬ በሩን ገፋ አድርገው ወደ ውስጥ አዩ።

«ማን ጋ ታወራለህ?»

«ድመቷ ጋ ነው እማማ። የጻፍኩትን እያነበብኩላት ነው።»

«ለእሱ ከነገርከው ለእኔም ንገር» አሉና ገብተው ተቀመጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ በማይወጡበት ከሰዓት እየመጡ፣ የእንሰት ቃጫ እየገመዱ ያዳምጡኝ ነበር። ታሪኩ ስለ አንድ ወጣት ወታደር ነው። ያለፈቃዱ ይዘምታል። የደረቀ ኮቸሮውን ለአንድ ውሻ ያካፍላል፤ አንዲት አሮጊት አዝሎ ወንዝ ያሻግራል። እሳቸው ስለ ልጁ ብዙ ይጠይቁኛል። ጫማው ይበቃዋል? ሌሊት ምን ይለብሳል? ለምን እንደሚጠይቁ አውቅ ነበር። ጎረቤት እንደነገረኝ የእሳቸውም አንድ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነው ያለው። ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ስለ እሱ ግን አንስተውልኝ አያውቁም፤ ስለ እኔው ወታደር ብቻ ነው የምናወራው።

መጽሐፉን የጨረስኩት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አንድ የታሪክ አስተማሪ ቅዳሜ ጠዋት አዲስ አበባ ይሄዳልና ረቂቁን ለአሳታሚዎቹ ሊያደርስልኝ ቃል ገባ። የፊተኞቹን ምዕራፎች በክር አስሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የመጨረሻው ምዕራፍ አልጋዬ ሥር የሳሙና ካርቶን ውስጥ ነበር። ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ አከራዬ በሬ ላይ ቆመው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል።

«ቀስ በል» አሉኝ። «እሱ ወለደ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ድመቷ ካርቶኑ ውስጥ ተጋድማለች። እርጥብ የሆኑ ግልገሎች ሆዷ ላይ ይርመሰመሳሉ። ከሥራቸው የእኔ የእጅ ጽሑፍ ይታያል፤ ግማሹ ደም ነክቶታል። እጄን ስሰድ አከራዬ ክንዴን ያዙኝ።

«አራስ አይነሳም።»

«እማማ፣ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ መሄድ ያለበት ወረቀት ነው።»

«ድመቱ ነገ አይሄድም» አሉ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡና ካርቶኑን እያዩ «እሱ የተኛበት ወረቀት ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«መጨረሻው ነው።»

«ልጁ መጣ?»

ልዋሻቸው አልፈለግኩም። «አልመጣም። አንድ ድልድይ ጋ ሞተ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ሻሻቸውን ፈተው እንደገና አሰሩት።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«ሰው አላዘዘህም?»

«ማንም አላዘዘኝም።»

«እንግዲያ አትግደለው።»

የኮሌጅ ትምህርቴን ሁሉ ሰብስቤ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ጦርነት ነው፣ ሰው ይሞታል፣ ታሪኩም ወደዚያ ነው የሚሄደው አልኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«እሱንስ ሬድዮ ይነግረኛል» አሉ በመጨረሻ። «አንተ ግን የምትጽፈው እኔ ቤት ነው።»

ተነስተው ወጡ። ተቀይመውኛል ብዬ ሳስብ፣ ለሰው አራስ እንደሚሠራው የቡላ ገንፎ በቅቤ ሠርተው ተመለሱ። ለድመቷ በጣታቸው እያበረዱ ሰጧት፤ የቀረውን ለእኔ።

የታሪክ አስተማሪው ቅዳሜ ጠዋት ባዶ እጁን ሄደ። ድመቷ ግልገሎቿን አንጠልጥላ ወደ ጓዳ ስታዛውር ወረቀቶቹን አወጣኋቸው። ተጣብቀው፣ ቀለሙ ፈሶ፣ ጠረናቸው ለአፍንጫ ይከብዳል። ዓይኔን አጥብቤ ባነባቸው እንደገና መገልበጥ እችል ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ እነሱን ሳይሆን ባዶ ወረቀት አወጣሁ።

በአዲሱ መጨረሻ ወታደሩ በገበያ ቀን ይመለሳል። እናቱ ቅቤ ትሸጣለች። ከፊቷ ይቆምና የቅቤውን ዋጋ ይጠይቃታል። እሷ ቀና ሳትል ዋጋውን ትነግረዋለች። እዚያ ላይ ያልቃል።

ሳነብላቸው ቃጫ የሚገምደው እጃቸው ቆመ። ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ነበር።

«እኔ ብሆን በእግሩ አውቀዋለሁ» አሉ። «ይሁን። መጣ፣ በቃ።»

በኋላ በሌላ ሰው እጅ አዲስ አበባ ብልከውም መጽሐፉ አልታተመም። የአሳታሚዎቹ ገምጋሚዎች ወታደሩ ጀግንነት ይጎድለዋል ብለው መለሱት። በዓመቱ እኔም ተዛወርኩ። ድመቷን ልወስዳት ቅርጫት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስገባኋት፣ ሁለት ጊዜ ዘላ ወጣች። «ተወው፣ እሱ የቤቱ ነው» አሉኝ አከራዬ። መኪና ተራው ድረስ ሻንጣዬን አብረውኝ ተሸክመው ሸኙኝ።

አሁን የጎረቤቴ ድመት ገልበጥ ብላ ሆዷን ሰጥታኛለች። ሻዬ ቀዝቅዟል። ይቺን ብቻ ልጨምርልሽ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ በሆሳዕና ሳልፍ ባጃጅ ይዤ ወደዚያ ሰፈር ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ጸጉሩ ሸበት ያደረገው፣ እግሩን ጎተት የሚያደርግ ሰው ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ትንሽ አየኝና «አስተማሪዋ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። ለውትድርና የተወሰደው የአከራዬ ልጅ ነበር። እናቱ ካረፉ ቆይተዋል። ድመቷንም እሱ አላገኛትም፤ ከመመለሱ በፊት ሞታለች። በረንዳው ላይ አስቀመጠኝና እርጎ አመጣልኝ።

«ስመለስ» አለኝ፣ «ሰፈሩ ሁሉ እኔ የማላውቀውን የእኔን ታሪክ ያውቅ ነበር። ‹አሮጊቷን አዝለህ ወንዝ ያሻገርካት› ይሉኛል። ‹ኮቸሮህን ለውሻ ያካፈልከው› ይሉኛል። ግራ ገባኝ። ለካ እናቴ እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ ስታወራ የኖረችው የእርስዎን መጽሐፍ ነው።»

«አንተስ? ለሰፈሩ ሰው እውነቱን አልነገርክም?»

«እንዴት ብዬ? እኔ የመጣሁት ገበያ በሌለበት ቀን፣ በዝናብ ነው። ገና በሩን ሳልፍ ጮሃ አቀፈችኝ። በኋላ ግን ለእንግዳ ሁሉ ‹ከፊቴ ቆሞ የቅቤ ዋጋ ጠየቀኝ› እያለች ታወራ ነበር። ‹ያ ድመት ባይወልድ ኖሮ አትመጣም ነበር› ትለኝ ነበር። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ‹አዎ› እል ነበር።»

ከጓሮ የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ሲፋተግ ይሰማል።

«ለመሆኑ» አለኝ፣ «ያ የመጽሐፉ ልጅ ቤቱ ከገባ በኋላ ምን ሆነ? እናቴ ሁልጊዜ ዋጋው ላይ ነበር የምታቆመው።»

«እኔም እዚያው ላይ ነው ያቆምኩት» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና፣ ዝናብ ስለመጣ፣ ወንበሬን ወደ ውስጥ ሊያስገባልኝ ተነሳ።