መብረቁ ወረፋ ያዘ

በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ሆኜ ብዙ በር አንኳኩቻለሁ። ልጅ ለትዳር ጠይቄያለሁ፤ የተኳረፉ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፤ አንዴ እንዲያውም በአንዲት ፍየል ለተጣሉ ጎረቤታሞች ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጬ ፍየሏ ራሷ ሰልችቷት ወልዳ ተገላገለች። በወረቀት ላይ ለተሣለ ሰው ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰውዬው መብረቁ ይባላል። ይበራል፤ የጭነት መኪና በአንድ እጁ ያነሣል፤ ካባው የባለቤቴ የሳሎን መጋረጃ ነው። የሣልኩት እኔ ነኝ።

መብረቁ የተወለደው ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ ነገሌ ቦረና ውስጥ አማርኛ ሳስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ነው። በጊዜው ወረቀት እንደ ስኳር ጠፍቶ ነበር። ከዕቃ ቤቱ ጥግ ግን የድሮ መፈክር የተጻፈባቸው ሰፋፊ ወረቀቶች ተጠቅልለው አቧራ ይጠጣሉ። ጀርባቸው ንጹሕ ነው። በዚያ ጀርባ ላይ ጢሙ የእኔን የሚመስል፣ ደረቱ ግን የእኔን በጭራሽ የማይመስል ጀግና ሣልኩና ሰኞ ጠዋት በግድግዳ ጋዜጣው ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። ፀሐይ ሲያርፍበት የማዶው መፈክር ተገልብጦ ደረቱ ላይ ይታያል። ተማሪዎቹ የኃይሉ ምንጭ ያ ጽሑፍ ነው ብለው አመኑ። እኔም አላስተባበልኩም፤ መምህር የሚያውቀውን ሁሉ አይናገርም።

በየሰኞው በአራት ሥዕል አንድ ችግር ይፈታል። የሻኪሶ መንገድ ላይ መኪና ጭቃ ያዘው? በአራተኛው ሥዕል መብረቁ በትከሻው ተሸክሞት ይሄዳል። ዝናብ ቀረ? ደመናውን በእርግጫ ይለዋል። ከጦር ካምፑ የሚመጡ የወታደር ልጆች፣ "መምህር፣ ከታንክና ከመብረቁ ማን ይበልጣል?" ብለው ሲጠይቁኝ ለአፍታ እንኳ አላመነታሁም። ታንክ ምን አባቱ!

አንድ ሰኞ ግን አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰሌዳው ፊት ቆመችና፣ "ዛሬ ደግሞ ምን አነሣ?" አለች። ጓደኞቿ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ገብቼ ግን ምሳዬ አልወረደልኝም።

ያቺ ልጅ አድጋ፣ ተምራ፣ እዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ሆና ተመለሰችና ከእኔ ሰሌዳ ጎን የራሷን ታሪክ መለጠፍ ጀመረች። የእሷ ጀግኖች አምስት ናቸው። "የኤላው ልጆች" ትላቸዋለች፤ ኤላ ማለት የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው። አንዷ ውኃ ከመሬት በታች ሲሄድ ትሰማለች፤ አንዱ ከግመል ጋር ይነጋገራል፤ የቀሩትም እንዲሁ ትንንሽ ትንንሽ ነገር ይችላሉ። አምስቱ ቢደመሩ የመብረቁን አንድ ክንድ አያህሉም። ይሳሳታሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይሸነፋሉ። ተማሪው ግን የእኔን በጨረፍታ አይቶ የእሷ ፊት ይጋፋል። ቅናት ነው እንዳትሉኝ። ቅናት ነበር።

ከዚያ ለአዲስ ክፍል ግንባታ ግድግዳው ፈረሰ፤ የሁለታችንም ሥራ ቆመ፤ እኔም ጋቢ ተሸልሜ ጡረታ ወጣሁ። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ "የኤላው ልጆች" ከመጀመሪያው ታሪካቸው ተነሥተው፣ በአዲስ መልክ፣ በፎቶ ኮፒ ተባዝተው ሊወጡ ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። አምስቱ ብቻ። መብረቁ የለበትም። መብረቁ አልጋዬ ሥር ካርቶን ውስጥ ተኝቷል፤ ምስጥ ከግራ እግሩ ጀምሮታል። እኔ ደግሞ እንደ እሱ አልበርም፤ አንድ ቀን እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ካርቶኑን ከፍቶ "ይሄ ሰውዬ ማነው?" የሚል እንኳ አይኖርም። ይህ ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ፣ የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ጥበቃ የነበረውን ቦረና ወዳጄን ለሽምግልና ይዤ መምህርቷ ቢሮ ሄድኩ።

"አካም! ናጋ?" ሲል ወዳጄ ከበሩ ጀምሮ በኦሮምኛ ሰላምታ አቀረበ።

"ናጋ! ኧረ ጋሼ! አንቱ እኮ ጠፉ" ብላ ተነሣች። "ይቀመጡ። ምን እግር ጣላችሁ?"

"ለጥያቄ ነው የመጣነው" አለ ወዳጄ ባርኔጣውን አውልቆ።

"ለትዳር የደረሰ ልጅ የለኝ፤ ማንን ልትጠይቁ?"

ካርቶኑን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩና ከፈትኩት። የላይኛውን ወረቀት አንሥታ ረጅም ጊዜ አየችው። "መብረቁ!" አለች። "ጋሼ፣ እኔ እኮ መሣል የተማርኩት ይሄን ሰውዬ ገልብጬ ነው። ደረቱ ብቻ አስቸገረኝ።"

"እኔንም አስቸግሮኛል፤ የምመለከተው ሰው አልነበረኝም" አልኳት። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "ስድስተኛ አድርጊው።"

"ይሁን። ምን ይሠራል?"

"ሁሉን!"

"ሁሉን እሱ ከሠራ አምስቱ ምን ሊሠሩ ነው? ሊያጨበጭቡ?" ወዳጄ ሳቀ። የመጣው ለእኔ ነበር። እሷ ግን ቀጠለች፣ "የመጀመሪያው እትም የሚጀምረው በበጋ፣ ኤላው ዳር ነው። ከብቱ ተጠምቷል። ወደ ታሪኩ አገባቡን እርስዎ ይሥሩትና እስከ ሳምንት ያምጡልኝ። ካመንኩት ይገባል፤ ካላመንኩት ግን ጋሼ፣ ቅር እንዳይሉኝ።"

በማግስቱ ጨረስኩት። መብረቁ ከሰማይ ይወርዳል፤ አንድ ጊዜ እፍ ሲል የጉድጓዱ ውኃ በሙሉ ዘልሎ ይወጣል፤ ሺህ ከብት ይጠጣል፤ ሕዝቡ ያለቅሳል። እኔም ትንሽ እንባ አውጥቻለሁ። ለወዳጄ አሳየሁት። ወረቀቱን ራቅ፣ ቀረብ እያደረገ አየው።

"ቆይ መምህር፤ ይሄ ሰውዬ ማንን ጠየቀ?"

"ጀግና ነው እኮ! ምን ይጠይቃል?"

"ኤሬ! የኤላ ውኃ ተራ አለው። ዛሬ የማን ከብት፣ ነገ የማን እንደሚጠጣ የሚያውቅ የተራ አባት አለ፤ አባ ሄሬጋ እንለዋለን። ያለ ተራው የቀዳ ሰው ቢበርም ሌባ ነው።"

"መብረቁ ሌባ?"

"ውኃውን ባንዴ ጨረሰው አይደል? ነገ የሚመጣው ከብት ምን ይጠጣ? ያንተን እንባ?" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንዳያስቀይመኝ እየተጠነቀቀ፣ "ደግሞ መምህር… ሰላም አላለም" አለ።

ይህችኛዋ ወጋችኝ። ቤቴ ሄጄ ካርቶኑን ዘረገፍኩ። ከመጀመሪያው ሰኞ እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ አየሁ። መብረቁ አንሥቷል፣ ረግጧል፣ ነፍቷል፣ በርሯል። አንድም ቀን ሰላም ብሎ አያውቅም። የልጆች፣ የከብት፣ የሣርና የዝናብ ደህንነት ሳይጠየቅ ወሬ በማይጀመርበት አገር ያን ያህል ዓመት አሠማራሁትና አንድ "ናጋ?" አፉ ላይ አላስቀመጥኩም። አማርኛ መምህር ነኝ እኮ! የምግባረ ሠናይ ክበቡም ኃላፊ ነበርኩ።

ወዳጄ አዘነልኝ መሰለኝ፣ እስከ ዘመዶቹ ኤላ ድረስ በአይሱዙ ጋቢና ወሰደኝ። ስንደርስ አባ ሄሬጋውን ሰላም አልን፤ ሰላምታው ራሱ ከመንገዱ የማይተናነስ ነበር። ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በእርከን በእርከን ቆመዋል። ኦኮሌ የሚሉት የቆዳ ባልዲ ሞልቶ ከእጅ ወደ እጅ ይወጣል፣ ባዶው በዚያው ይወርዳል። ሁሉም ለከብቶቹ ይዘፍናሉ። ማንም ማንንም አያይም፤ ማንም አይስትም።

"እኔም ልሞክር" አልኩ። ያኔ አፌን የሚይዝልኝ ሰው ቢኖር!

አባ ሄሬጋው ከባርኔጣዬ እስከ ጫማዬ ለካኝና ከላይ ሦስተኛው እርከን ላይ አቆመኝ። የመጀመሪያውን ኦኮሌ ተቀበልኩ። ሁለተኛውንም። በሆዴ ለመብረቁ ንግግር መጻፍ ጀመርኩ። ሦስተኛው ደረቴ ላይ ተደፋ። ሰልፉ በሙሉ ቆመ፤ ዘፈኑ ተቋረጠ፤ ከላይ አንዲት ላም እምቧ አለች። ከታች አንድ ሰው የሆነ ነገር ተናገረና ጉድጓዱ በሳቅ ተሞላ።

"ምን አለ?" አልኩ።

ወዳጄ ከአፋፉ ላይ ሆኖ በደስታ ተረጎመልኝ፤ "'የሽማግሌው እጅ ደህና ነው፤ የደከመው ጆሮው ነው' አለ። ዘፈኑን ስማ፤ እጅህ ይከተለዋል።"

ሰማሁ። እውነትም ዘፈኑ ከፍ ሲል ኦኮሌው ይመጣል፤ ዝቅ ሲል ይሄዳል። ሰባት ያህል አሳለፍኩ። ከዚያ በክብር አወጡኝና ጥጆች ገንዳው ውስጥ እንዳይገቡ የምከላከልበት በትር ሰጡኝ። ጋቢ ከተሸለምኩ ወዲህ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። አንዷ ጥጃ ብቻ አምልጣኛለች።

ተመልሼ አገባቡን እንደገና ሠራሁት። መብረቁ ከኤላው ራቅ ብሎ ያርፍና በእግሩ ይመጣል። ሰላምታው ብቻ ስድስት ሥዕል ፈጀ። ውኃ ላውጣ ሲል ተራው ከነገ ወዲያ እንደሆነ ይነገረዋል፤ መጋረጃውን አጥፎ ከግራር ጥላ ሥር ይቀመጣል። ተራው ሲደርስ ሦስተኛው እርከን ላይ ይቆማል፤ ኦኮሌው ደረቱ ላይ ይደፋል። ውኃ የምትሰማው ልጅ ዘፈኑን ታስተምረዋለች። በመጨረሻው ሥዕል እጁን ለቀጣዩ ኦኮሌ ይዘረጋል። እዚያ ላይ ያበቃል።

መምህርቷ ቀና ሳትል አነበበችው። "ውኃው ሲደፋበት ያለው ይሄ ፊት ከየት መጣ?"

"ከመስታወት።"

"ደረቱ ላይ የነበረው የተገለበጠ ጽሑፍስ?"

"ታጥቦ ለቀቀ።"

ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። "በቃ ጋሼ፣ ገባ" አለች።

እትሙ የወጣ ዕለት ሰው የሚጠብቅ መስዬ ትምህርት ቤቱ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሁለት ተማሪዎች አጠገቤ ቆመው አንዱን ቅጂ ተሻምተው ያነባሉ።

"ይሄ ሰውዬ አዲስ ነው?" አለች አንደኛዋ።

ሠላሳ ዓመት ያህል የኖረ ሰው! አፌን ከፈትኩ፤ ደግነቱ መልሼ ዘጋሁት።

"አዲስ ይመስለኛል" አለች ሁለተኛዋ። "ቀጣዩን ይይዘው ይሆን?"

"አይይዘውም። ጢሙን አየሽው? የሽማግሌ ነው።"

"ኧረ አታሟርቺበት! ይይዛል። ዘፈኑን እኮ ነገረችው።"

እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ። በዚያ ሁሉ ሰኞ "ይችል ይሆን?" ብሎ ለመብረቁ የሰጋ አንድም ልጅ አልነበረም። ይይዘው እንደሆነ ደግሞ እኔም አላውቅም። ልጠይቅ ብዬ ወደ መምህርቷ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ቆመዋል። ሰላም አልኳቸውና ተራዬን ጠበቅኩ።