በሙሉ ድምፅ የተሰረዘው ፓኬጅ

በመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ፓኬጅ ከሰው በላይ ይከበራል። ሰው ሲቀጠር አንድ ማስታወቂያና አንድ ፈተና ይበቃዋል፤ አንዳንዴም ፈተናው ይቀርለታል። ፓኬጅ ግን ማመልከቻ፣ የሦስት ሰው ኮሚቴ፣ ቃለ ጉባኤና ክብ ማኅተም ያስፈልገዋል። የምናመርተው ጥይት እንዳይመስላችሁ። ከገበሬ እሸት ቡና ተረክበን የምናጥብ ድርጅት ነን፤ ቢሮአችን ጅማ፣ ሄርማታ ገበያው አጠገብ ነው። እኔ የሶፍትዌር ባለሙያው ነኝ፤ ብቸኛው።

ፓኬጅ የምንለው ሌላ ሰው ጽፎ ያስቀመጠውን የፕሮግራም ክፍል ነው፤ እንደ አዲስ ከመጻፍ ወስደህ ትጠቀምበታለህ። ድሮ ከኢንተርኔት በቀጥታ እናወርድ ነበር። አንድ ቀን አንዱ ሠራተኛ ምንነቱን ሳያውቅ አንድ ነገር አወረደና የቢሮው ኮምፒውተሮች ሳምንት ሙሉ ተቆለፉ። ያኔ እኔ ብልጡ ሐሳብ አቀረብኩ፦ የራሳችን የፓኬጅ ማከማቻ ይኑረን፣ እኔ መርምሬ አስገባለሁ፣ የጣቢያዎቻችን ኮምፒውተሮች ከዚያ ብቻ ይውሰዱ። ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ተጨበጨበልኝ። ጆንያ ይቀመጥበት የነበረ ክፍል ተሰጠኝ፣ አንድ ማሽን ተገዛልኝ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ “እንዲህ ያለ ነገር እንዴት በአንድ ሰው እጅ ይሆናል?” አሉና ኮሚቴ ሾሙለት። አለቀልኝ!

ሰብሳቢው የንብረት ክፍል ኃላፊው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚዛንና ጆንያ በሞዴል ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩ፣ አንዲት ብሎን ያልጠፋባቸው ሽማግሌ። ሁለተኛው ኦዲተራችን ነው፤ ቀይ እስክሪብቶው ከኪሱ አይጠፋም። ሦስተኛው እኔ፣ ጸሐፊና ድምፅ ሰጪ። እሺ፣ መቼስ ምን ይደረጋል።

በዚያ ዓመት ከጥቅምቱ ርክክብ በፊት አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ማንኛውም የእሸት መረከቢያ ጣቢያ ከመጀመሪያው የርክክብ ቀን ጀምሮ በኮምፒውተር ካልመዘነ ይዘጋል፤ ሠራተኛውም ወደ አሰንዳቦ መጋዘን ይዛወራል። ማስታወቂያው በተለጠፈ ማግስት የየቡ ጣቢያችን መዛኝ ስልክ ደወለችልኝ። በእድሜ እኩያዬ ነች፤ ባሏ ሞቶባት ከእናቷ ጋር ትኖራለች። እናትየው ግማሽ አካላቸው አይሰማቸውም፤ በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጡ ጎናቸው ይቆስላል። ጣቢያው ከቤታቸው አጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ በሚዛን መሃል ብድግ ብላ ሄዳ ታገላብጣቸውና ትመለሳለች። ይህን ገበሬው ሁሉ ያውቃል፤ ቆሞ ይጠብቃታል።

“ማሎ ወንድሜ፣ እባክህ፣” አለችኝ፣ “አሰንዳቦ ብሄድ እናቴን ማን ያገላብጥልኛል? ዋላሂ፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ።”

“አንቺ ደግሞ! እኔ እያለሁ?” አልኳት። አፌን ሞልቼ።

የየቡ ሚዛን አዲስ ነበር፤ የሌሎቹ ጣቢያዎች ፕሮግራም አያነበውም። እሱን የሚያነብ አንድ ፓኬጅ አገኘሁ፣ ሞከርኩት፣ በጅማ ሠራ። የቀረኝ ወደ ማከማቻው ማስገባት ብቻ። ችግሩ አንድ ፓኬጅ ብቻውን አይሠራም፤ ሌሎች ፓኬጆች ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው፤ እነዚያም ሌሎች ላይ። ሰርግ የጠራችሁት ሰው ከነጎረቤቱ እንደሚመጣው ነው። ዝርዝሩን ሳትመው ስልሳ ሦስት ሆኑ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አደረጉና ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አዩት። “ልጄ፣ ማመልከቻህ ላይ የተጻፈው አንድ ነው። እነዚህ ስልሳ ሦስቱ ማን ናቸው?”

“እሱ የሚደገፍባቸው ናቸው ጋሼ። ያለ እነሱ አይነሳም።”

“እንግዲያው ተከታዮች በላቸው፤ ዋናውና ተከታዮቹ።” በቃለ ጉባኤው እንዲያ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አንድ በአንድ ይመረመሩ ተባለ። ሦስት ስብሰባ ፈጀ። እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ ተጠየቅሁ። አንዱ ቀን ከመቁጠር ሌላ ሥራ የለውም፤ እሱን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ሄደ፤ “ለቀን ካሌንደር የለንም እንዴ?” ተብሎ።

በሦስተኛው ስብሰባ ኦዲተሩ ቀይ እስክሪብቶውን መዘዘ። ደስታው ፊቱ ላይ ያበራ ነበር። “ይኸውላችሁ! ይህ ስም ሁለት ጊዜ ገብቷል። ቁጥሩ ብቻ ነው የሚለያየው።”

እውነት ነው፤ ተመሳሳይ ፓኬጅ ነው፣ አንዱ የቆየ፣ አንዱ የታደሰ። ዋናው ፓኬጅ አዲሱን ይፈልጋል፤ ከተከታዮቹ አንዱ ደግሞ ያለ አሮጌው አይሠራም። ሁለቱም የግድ ናቸው። ይህንን አስረዳሁ። ደግሜ አስረዳሁ። ሥዕል ሁሉ ሣልኩ።

ሰብሳቢው በትዕግሥት ሰሙኝና “ልጄ፣ አዲስ ሚዛን ሲገባ አሮጌው ይወገዳል። ሁለቱን አንድ ላይ መዝገብ ላይ ያቆመ ንብረት ሠራተኛ እስር ቤት ነው የሚገባው። ሥርዓት ነው” አሉ።

“ጋሼ፣ ይሄ ሚዛን አይደለም።”

“አንተ ወጣት ነህ፤ ትቸኩላለህ።”

ስድስት ዓመት ተምሬ፣ ስንት ዓመት ሠርቼ፣ ስለ ራሴ ሥራ ትቸኩላለህ! እዚያ ላይ ሁለት ነገር ማድረግ እችል ነበር። በቃለ ጉባኤው ግርጌ የልዩነት ሐሳቤን ጽፌ መፈረም አንዱ ነው፤ ደንቡ ይፈቅዳል፣ የልዩነት ሐሳብ ካለ ጉዳዩ ለሥራ አስኪያጁ ይቀርባል። ወይም ደግሞ ወደ ጆንያው ክፍል ገብቼ አሮጌውን ፓኬጅ ዝም ብዬ ማስገባት፤ ቁልፉ በኪሴ ነው፣ ሥራው የግማሽ ደቂቃ ነው።

እኔ ጨዋው ግን ምን አደረግኩ? ፈገግ አልኩ። “እንደ ኮሚቴው” አልኩ። በልቤ፦ ይሰረዝ! ይሰረዝና ይሰበር፤ በሰው ፊት ይሰበር፤ ያኔ ማን እንደሚያውቅ እናያለን። “አሮጌው እንዲሰረዝ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል” ብዬ ባማረው የእጅ ጽሑፌ ጻፍኩና ከሥሩ ፈረምኩ። ወደ ቤቴ ስሄድ እያፏጨሁ ነበር።

የርክክቡ ቀን ጠዋት የቡ ደረስኩ። ገበሬዎቹ ቀይ እሸታቸውን በጆንያ ይዘው ተሰልፈዋል። መዛኟ አዲስ ሻሽ አስራለች፤ የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ በዳንቴል አስጊጣዋለች። ከዋናው ቢሮ የመጡ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ዛፍ ሥር ቆመዋል። ፕሮግራሙን መጫን ጀመርኩ። ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ያ የተሰረዘው ስም በቀይ ፊደል ወጣ፦ አልተገኘም።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። “አላልኳችሁም?” የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ግን ለማን ልበለው? ሰብሳቢው ጅማ፣ ኦዲተሩ ጅማ። እፊቴ የቆመችው እሷ ነች።

“ምን ሆነ ወንድሜ?”

“ትንሽ ነገር ነው። አሁን አስተካክላለሁ።” ወጣ ብዬ ለሰብሳቢው ደወልኩ። ለቅሶ ሊሙ ሄደዋል። “በቃለ ጉባኤ የወጣ በቃለ ጉባኤ ነው የሚመለሰው። ሐሙስ እንሰብሰብ” አሉኝ በሹክሹክታ። ወደ ጅማ ተመልሼ ራሴ ላስገባው አልኩ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስንት ሰዓት! ደግሞም ተቆጣጣሪዎቹ ማስታወሻቸውን አውጥተው ነበር።

እሸት አይጠብቅም፤ ጆንያ ውስጥ ካደረ ይበላሻል። መዛኟ አሮጌውን ደብተር አወጣችና በእጇ እየጻፈች መመዘን ጀመረች። አንድ ጊዜ ብቻ ብድግ ብላ በአጥሩ በኩል ገባች፤ ገበሬዎቹ ዝም ብለው ጠበቋት። ተቆጣጣሪዎቹ ይህንንም ጻፉት።

ሐሙስ ተሰበሰብን። አሮጌው ፓኬጅ እንዲመለስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሰብሳቢው ከልባቸው አዝነው “እንዲህ መሆኑን በደንብ ብትነግረን ኖሮ” አሉኝ። አስገባሁት፤ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ግን ማስታወቂያው የሚለው የመጀመሪያው ቀን ነው። ሪፖርቱ ደግሞ “ጣቢያው ዝግጁ አልነበረም፤ ሠራተኛዋም በሥራ ሰዓት ቦታዋን ትለቃለች” ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ በረርኩ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የኮሚቴው ውሳኔ ነው ብዬ ጮኽኩ። ምንም አልተቆጡኝም። ፋይሉን አውጥተው ቃለ ጉባኤውን ገለጡና ጣታቸውን ፊርማዬ ላይ አሳረፉ። “ባለሙያው ተስማምቶ የለ? የልዩነት ሐሳብ ቢኖርህ እኔ ዘንድ ይመጣ ነበር።” ፊርማዬ ደግሞ ሲያምር!

በኅዳር መጀመሪያ፣ ጣቢያው ተዘግቶ አሰንዳቦ ከተዛወረች ሁለት ሳምንት ሲሆናት፣ መዛኟ እናቷን አይታ ስትመለስ የጣቢያውን ቁልፍ ልታስረክብ ሄርማታ መጣች፤ ከዚያው ወደ አሰንዳቦ ልትሳፈር። ሻንጣዋን በሩ ላይ አሳረፈችና ቢሮዬ ገባች። እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታለች። ጎረቤትየዋ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን የራሷ ልጆች አሉባት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የምትደርስላቸው። “ጎናቸው መቁሰል ጀምሯል” አለችኝ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ ሁሉ።

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሁሉንም፤ አውቄ መሆኑን፣ ሽማግሌውንና ኦዲተሩን ላሳፍር ብዬ መሆኑን። እሷ ግን ቀደመችኝ።

“ኤዬ፣ ሰምቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብተህ ስለ እኔ ጮኸሃል አሉኝ። በዚህ ሁሉ ሰው መሃል አንተ ብቻ ነህ የቆምክልኝ። ገለቶሚ ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። አላህ እንዳንተ ያለውን ሰው ያብዛልን።”

“አሜን” አልኳት፤ ሻንጣዋንም ተሸክሜ እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት።