የአያቴ ቤት በአጎቴ ግድግዳ ላይ

አጎቴ ወልቂጤ የከፈተው ሆቴል መግቢያ ላይ ሥዕል ሰቅሏል። ድሮ አንድ ፈረንጅ በእኛ አገር ዞሮ በውሃ ቀለም የሣለው የሳር ቤት ነው፤ ዙሪያው እንሰት፣ በሩ ክፍት። ቁርጥ የአያቴን ቤት። ሳየው ደሜ ፈላ።

ልጅ እያለሁ አጎቴ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ወደ አያቴ አገር ቸሃ የቤት ቆርቆሮ አስጭኖ መጣ። በዓሉ እንዳለፈ ሠራተኞች የአያቴ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥተው ሳሩን ይነቅሉ ጀመር። አያቴ ግን ውስጥ ናቸው። ቤት ውስጥ አብራቸው ከምታድረው ላም ጎን፣ ምሰሶውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። ጥላሸቱ ራሳቸው ላይ ይዘንባል፤ ከእበቱ ሽታ ጋር ተደባልቆ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

"አባባ፣ ይውጡ እንጂ። ሰው ምን ይለናል?" አለ አጎቴ በር ላይ ቆሞ።

"ላሟስ የት ልትገባ ነው?"

"ትሸጣለቻ። በቆርቆሮ ቤት ማን ከከብት ጋር ያድራል?"

"እንግዲያው እኔንም አብረህ ሽጠኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። "የተወለድክ ለት ብርድ ነበር። ቤቱን ያሞቀችልህ የዚች ላም አያት ናት።"

ጣሪያ ላይ ያሉት ሰዎች እጃቸውን ሰበሰቡ። አጎቴ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ "ምን ትጠብቃላችሁ? ቀጥሉ" አላቸው።

አሁን፣ ሆቴሉ መግቢያ ላይ፣ አጎቴ መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

"አየኸው ባህላችንን? እንግዳ ሁሉ እዚህ ጋ ነው ፎቶ የሚነሳው። ቅዳሜ ሄደህ አባባን አምጣልኝ እስቲ። ይሄን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል።"

"አንተው ሂድና አምጣቸው" አልኩት።

ወደ ግድግዳው ዞረ። ሥዕሉን በሁለት እጁ ይዞ ማቃናት ጀመረ። ጠማማ አልነበረም።