ከኪስ ኪስ የዞረችው ካርድ

ናዝሬት ሥራ የጀመርኩ ቀን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬ ከምሳ በኋላ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ይለቅብናል፣ ነፋሱ በተሰበረው መስኮት አሸዋ ያስገባል፣ ተማሪው በየዴስኩ ላይ ተፋፍጎ ተቀምጧል። የዩኒት መሪው አንድ ፓኮ ጠመኔና የጨርቅ ማጥፊያ አስታቅፎኝ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ሳያገኙ መክረማቸውን፣ እኔም እንደ ቀደሙት ጥዬ እንዳልሄድ ነግሮኝ ወጣ። ፈርቼ ነበር። የፈራሁት ግን ተማሪ እንዳይስቅብኝ ብቻ ነው። ወይ የዋህነት!

አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር ያስተማርኩት። ማትሪክ ላይ ልጆቼን የሚጥላቸው ሰዋስው እንዳልሆነ ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ቃል ነው የሚያጥራቸው። ‹ትልቅ›፣ ‹ጥሩ›፣ ‹ሄደ› የሚሉትን ያውቃሉ፤ ከዚያ ከፍ ያለ ቃል ሲመጣ ምንባቡ ይጨልምባቸዋል። በትምህርት ቤቱ የነበረው ደህና መዝገበ ቃላት አንድ ሲሆን እሱም በርዕሰ መምህሩ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ተሾመ መልካም ሰው ነበሩ፤ መጽሐፍ ከቢሮ የሚወጣው ለመጥፋት ነው ብለው ስለሚያምኑ ግን አያውሱም። በእረፍት ሰዓት እሳቸው ቢሮ እየሄድኩ በቆምኩበት ቃል እገለብጥ ነበር።

ካርዱን የፈጠርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከባለሱቆች ባዶ የሲጋራ ስቴካ እለምንና በመቀስ እቆራርጠዋለሁ። ምንም ባልታተመበት ገጽ ላይ አንድ ከባድ ቃል እጽፋለሁ። ትርጉም አይጻፍበትም፤ ካርዱን የሚያስረክበው ተማሪ ለሚረከበው በጆሮው ይነግረዋል። ተቀባዩ ሳምንቱን ሙሉ በኪሱ ይዞት ይዞራል፣ ቃሉን ሲያውቀው ከታች የስም መጥሪያ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ሰኞ ጧት ለሌላው ያስተላልፋል። ስም ቦታ ስለሚፈጅ ቁጥር ብቻ ጻፉ ያልኩት እኔው ነኝ።

ዘዴው ሠራ። የጋሪ ፈረስ አልሄድ ቢለው ግትር ለማለት ‹ኦብስቲኔት› ብሎ የሰደበ ልጅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያልሠራው ለሽመልስ ብቻ ነው። ሽመልስ የትምህርት ቤቱ በረኛ ነበር፣ የእግር ኳስ ማለቴ ነው። ኳስ አታመልጠውም፤ ቃል ግን አንዱም አይያዝለትም። ኋላ ወንበር ላይ ይተኛል፣ ሳያጠና ቁጥሩን ይጽፍና ካርዱን ያስተላልፋል። ‹አንተ ድንጋይ!› እያልኩ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ፣ ጊዜው ከፋ። ጧት ወደ ሥራ ስንሄድ መንገድ ዳር የወደቀውን አይተን እንዳላየን እናልፍ ጀመር። ስም ስጠራ ‹አቤት› ያላለውን ለምን ቀረ ብዬ መጠየቅ ተውኩ፤ ቶሎ ብዬ ወደሚቀጥለው ስም አልፋለሁ። ሰው ሁሉ ቤቱን እየበረበረ ወረቀት ያቃጥል ነበር። እኔም የዩኒቨርሲቲ ደብተሮቼን ሳይቀር አቃጠልኩ። ካርዶቹ ግን ትዝም አላሉኝ። የሲጋራ ካርቶን እንዴት ወረቀት ይመስለኛል?

ዘይነባ የወንጂ ልጅ ናት፤ አባቷ ጋሽ ሰይድ ከወሎ መጥተው ሸንኮራ ቆረጣ ላይ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ሳምንቱን ናዝሬት አክስቷ ቤት ታሳልፋለች፣ ዓርብ ዓርብ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አንድ ሰኞ ጧት ጋሽ ሰይድን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ዓርብ ዕለት ኬላ ላይ አውቶቡሱ ተፈትሾ፣ ከልጃቸው ኪስ ካርድ ተገኝቶ ጥበቃዎቹ ቀበሌ አስገብተዋታል።

"መምህርት፣ ወረቀቱ የእርስዎ ነው አሉኝ" አሉ። "በአላህ ይዤዎታለሁ፣ እንግሊዝኛው ይቅርብንና ልጄን ያስመልሱልኝ።"

ያን ጊዜ ከቀበሌ እስር ልጅ የሚወጣው ወደ ቤቱ ብቻ እንዳልነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ሮጬ ክፍል ገባሁና ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ ካርዳችሁን አውጡ አልኩ። አንድም እጅ አልተንቀሳቀሰም። ወሬው ቀድሞኛል፤ ግማሹ ሽንት ቤት ጥሎታል፣ ግማሹ አኝኮ ውጦታል።

አቶ ተሾመ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው ምንም እንዳልሰሙ፣ እኔም ምንም እንዳልነገርኳቸው አስጠነቀቁኝ። አብረውኝ ይሄዱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ቁም ሳጥኑን ከፈቱና መዝገበ ቃላቱን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ነበር። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ካርዷ ከሽጉጡ አጠገብ ተቀምጣለች። የተጻፈባት ቃል ‹ሜቲኪውለስ› ነው። መዝገበ ቃላቱን ገልጬ አሳየሁት። እሱ እቴ! ቃሉ መኖሩን እንደሚያውቅ፣ የጠላት የህቡዕ ሕዋስም የምስጢር ቃል የሚመርጠው ከመጽሐፍ እንደሆነ ነገረኝ። ትርጉሙን ጠየቀኝ። በጣም ጥንቁቅ ማለት ነው አልኩት።

"የምትጠነቀቁት ከማን ነው?" አለ።

ላስረዳው ሞከርኩ። ባስረዳሁ ቁጥር ባሰብኝ። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ትርጉሙ በጆሮ ይነገራል። ሰኞ ሰኞ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። እየተናገርኩ ራሴን ሰማሁት፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላምንም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

ከዘይነባ ቁጥር በላይ ያሉት ቁጥሮች የማን የማን እንደሆኑ ጠየቀኝ። የስም መጥሪያውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ረሳሁት ማለት አማረኝ፤ ግን እኔ ባልነግረው መዝገቡን አስመጥቶ ያየዋል፣ እኔም ውሸታም እሆንና ዘይነባ ያኔ አለቀላት። ተናገርኩ። የአራት ልጆች ስም ከአፌ ወጣ። ጥበቃዎቹ ሊያመጧቸው ወጡ።

አንድ በአንድ አስገባቸው። የመጀመሪያው ልጅ ቃሉን ሲጠየቅ "ጥቃቅኑን ሳይንቅ የሚጠነቀቅ" አለ። ሁለተኛዋ "ጥቃቅኑን ሳይንቅ የሚጠነቀቅ" አለች። ሦስተኛውም ያንኑ፣ ቃል ሳያዛንፍ። እንደዚያ በህብረት ያስደገምኳቸው እኔ ነኝ፤ በሌላ ቀን ቢሆን በኩራት አብጥ ነበር። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ አየኝና የሚስጥር ምልልስ ይህን ይመስላል አለኝ።

አራተኛው ሽመልስ ነበር። ከሜዳ ነው ያመጡት፣ ጉልበቱ ላይ አቧራ አለ። ቃሉን ሲጠይቁት ካርዷን፣ ጣሪያውን፣ እኔን እያፈራረቀ አየ።

"መድኃኒት መሰለኝ" አለ። "የከብት።"

ታዲያ ቁጥርህ እዚህ ምን ይሠራል ተባለ። ሳያጠና የጻፈው ቲቸር ይቆጡኛል ብሎ እንደሆነ ተናገረ። ሊቀመንበሩ ሌላ ቃል ጠየቀው፤ አያውቅም። መዝገበ ቃላቱን ገለጥ አድርጎ ቀላል የመሰለውን መርጦ ጠየቀው፤ እሱንም አያውቅም። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳቁ አመለጠው፤ ሊቀመንበሩም ተከትሎት ሳቀ።

"እንዲህ ያለ ሕዋስ የለም" አለ። "ልጅቷን አውጧት።" ካርዷን ቀዶ ጣላት።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልኩ በልቤ።

ዘይነባ በማግስቱ ክፍል ገባች። የዩኒፎርሟን ኪሶች በመርፌና ክር ሰፍታ ዘግታቸው ነበር። ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ እንደተሰፉ ቆዩ።

ካርድ ዳግም አልቆረጥኩም። ከዚያ ወዲያ ቃል ያስተማርኩት በአፍ ነው፤ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ አስደግማለሁ፣ ደወሉ ሳይደወል ራሴ አጠፋለሁ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ አሰላ ስሄድ የአውቶቡሱ ሾፌር ሽመልስ ሆኖ አገኘሁት። ጎኑ አስቀመጠኝ። ሁሩታ እስክንደርስ ስለ ልጆቹ አወራኝ። በመጨረሻ ዘመኔን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የኖረውን ጠየቅኩት። ያን ቀን አላውቅም ያለው እኛን ለማዳን አውቆ ነው ወይስ በእውነት ቃሉን አያውቀውም ነበር?

"ኧረ ቲቸር፣ አላውቀውም ነበር" አለኝ። "ባውቀውማ እነግራቸው ነበር። በጣም ፈርቼ ነበራ።"

ጥቂት ከነዳ በኋላ ዞር ሳይል "ለመሆኑ ምን ማለት ነበር?" አለኝ። ነገርኩት።

ለወጣት መምህራን ያለኝ ይህ ነው። ተማሪ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር ከማስገባታችሁ በፊት፣ ልጁ መሣሪያ ለያዘ ሰው ሊያስረዳው ይችል እንደሆነ አስቡ። የማይችል ከሆነ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ አጥፉት።