ወደ አንዱ የተጠጋ ወንበር

የፎቁ ጎረቤቶች «አስታራቂዋ» ይሏታል። ማስታረቅ ሥራዋ እንዳልሆነ ማስረዳት ከሰለቻት ቆይቷል። የትዳር አማካሪ ናት፤ ባልና ሚስት ፊቷ ተቀምጠው እንዲነጋገሩ ታግዛለች፤ እነሱም ሁለት ሦስቴ ይመጡና የውሃ ሽታ ይሆናሉ። «ቀሩ እንግዲህ» ትልና ቀጣዮቹን ትጠብቃለች። የቀረን ሰው ደውሎ መጎትጎት አትወድም።

የዛሬዎቹ መቅረት ግን ከነከናት። ሚስትየዋ አስተማሪ ናት፤ ስታለቅስ እንኳ የጀመረችውን ሐሳብ ትጨርሳለች። ባልየው የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በስንት መከራ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ሚስቱ «እንዲህ ከሆነ ቤቱን ለቅቄልህ እሄዳለሁ» ስትል፣ ሰውየው ቀና ብሎ አማካሪዋን አያትና መልሶ አቀረቀረ። ያ አስተያየቱ ከዓይኗ አልጠፋም።

ሰዓታቸው ሲያልፍ ድካም ተጫጫናት። ጫማዋን አወለቀችና እሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ዘፍ አለች። በስንት ዓመት ሥራዋ እዚያ ተቀምጣ አታውቅም።

ከዚያ ሆና የገዛ ወንበሯን አየችው። ጎማ ያለው የቢሮ ወንበር ነው፤ ሁልጊዜ ጠዋት መሀል ላይ ታቆመዋለች። ጎማዎቹ ግን ምንጣፉን ፍቀው መንገድ አውጥተውበታል፤ ከመሀል ተነስቶ ወደ ሌላኛው ወንበር፣ ሶፍቱ ወዳለበት። እዚያ የሚቀመጠው ምንጊዜም አንደበተ ርቱዑ ነው፤ አልቃሹም እሱ ነው። እሷም ስታዳምጥ ቀስ በቀስ ወደዚያ ትንሸራተታለች። ከዚህኛው ወንበር የሚታየው ትከሻዋ ብቻ ነው። ስንቱን ሰው በትከሻዋ ሸኝታለች! ፊቷ በሐፍረት ጋለ።

ልማዷን ትታ ደወለችለት።

«ዛሬ ስትቀሩብኝ ጊዜ ነው…»

«አልሄድም ያልኩት እኔ ነኝ» አለ ሾፌሩ። «አይቀየሙኝ እንጂ፣ ሁለት ለአንድ ሆናችሁብኝ።»

«እውነትዎን ነው። መሀል መቀመጥ ሲገባኝ ወደ እሳቸው ተጠግቼ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»



«ምነው ይቺን ያን ዕለት ባሉኝ ኖሮ» አለ ሰውየው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «አልሄድም ስላት፣ በቃ ተስፋ ቆርጠሃል ማለት ነው አለችኝ። ትናንት ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ጋ ሄደች።»

አማካሪዋ ሶፍቱ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር አየች። 

«ቀጠሮው» አለ ሾፌሩ እየተንተባተበ፣ «ለአንድ ሰውም ይሆናል?»

«ይሆናል። ይምጡ» አለችው። ስልኩን ዘግታም ከእሱ ወንበር አልተነሳችም።